ሳያም የተቆጣ አንጀት

መኪና መንዳት ያስተማረችኝ ሰገነት በላይነህ ናት። ኮተቤ ባለ አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ተመዝግቤ የደረሰችኝ አሰልጣኝ ሴት መሆኗን ሳይ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ አብሬያት ከወጣሁ በኋላ ግን ሌላ ሰው ቢሰጡኝም አልቀበልም ነበር። አትጮህም። ተማሪው ደንግጦ መኪናዋን ወደ ቦይ ሲወስዳት እንኳ በእሷ በኩል ባለው ፍሬን ቀስ አድርጋ ታቆምና «እንደገና» ትላለች፣ በቃ። ስለ ሕመሟ ያወራችኝ መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እዚህ የምጽፈው እሷ የነገረችኝን ነው፤ ጻፈው ብላ ፈቅዳልኛለች።

ተወልዳ ያደገችው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች ዳር ነው። አባቷ አቶ በላይነህ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሥራ ሲቀዘቅዝ መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ሲያጥቡ እሷ ጋቢና ገብታ መሪውን ትነካካ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለች አንድ ጠዋት አባቷ ሆዳቸውን ይዘው ተነሡ። አንጀታቸው ታጥፏል ተባለ። ሆስፒታል በገዛ እግራቸው ነው የገቡት፤ ኮታቸውን አውልቀው ለሚስታቸው እያቀበሉ «ነገ ስትመጡ ወፈር ያለ ሹራብ ያዙልኝ፣ ክፍሉ ይበርዳል» አሉ። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በሕይወት አልወጡም። በማግስቱ ሹራቡን ይዛ የሄደችው ሰገነት ነበረች። ቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም።

የእሷ ሆድ መታመም የጀመረው ልጇ ሶልያና ጡት በተወች ሰሞን ነው። ከእምብርቷ በታች፣ ወደ ቀኝ በኩል፣ ምግብ ከበላች በኋላ ይቆርጣታል። ከዚያ ተቅማጡ መጣ። አሜባ ነው ተባለች፣ መድኃኒት ወሰደች። ጃርዲያ ነው ተባለች፣ ወሰደች። ታይፎይድም ነው ተብሎ ነበር። በየመሀሉ ትንሽ ይሻላትና ተመልሶ ይመጣል። ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተት ጀመር። በመጨረሻ አንድ ሐኪም የአንጀት ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ግማሽ ዓመት ያህል የቲቢ መድኃኒት ስትውጥ ከረመች። ሐኪሙን አትወቅሰውም፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ሕመም ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ግን አልተሻላትም።

በዚያ ጊዜ መኪና ውስጥ የምትፈራው ሌላ ሾፌርን አልነበረም። ከኮተቤ እስከ ካራ ባለው መንገድ የትኛው ካፌ መጸዳጃ ቤቱን ለአላፊ አግዳሚ እንደሚከፍት፣ የየትኛው ማደያ መጸዳጃ ቁልፍ በማን ኪስ እንደሚገኝ በቃሏ ታውቀው ነበር። ተማሪዎቿ ሁልጊዜ በዚያው መስመር ለምን እንደምትወስዳቸው አይገባቸውም።

እውነቱ የታወቀው ካሜራ ያለው ቱቦ በታች በኩል አስገብተው አንጀቷን ካዩ በኋላ ነው። ኮሎኖስኮፒ ይሉታል። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት እየጠጣች ስትመላለስ አደረች፤ በማግስቱ የሰጧት ማደንዘዣ ስላልበቃት ግማሹን እየሰማች አለፈች። የአልጋውን ብረት ጨምድዳ ይዛ ስለ አባቷ ነበር የምታስበው። ቱቦው ሲወጣ ሁለተኛ አላደርገውም ብላ ማለች።

ውጤቱን የነገረቻት የአንጀት ስፔሻሊስቷ ዶክተር ፊልሞና ነበረች። በዕድሜ ከሰገነት የምታንስ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«ክሮንስ ይባላል» አለቻት። «ሰውነትሽ የገዛ አንጀትሽን ተሳስቶ ይዋጋዋል፤ አንጀቱም ይቆጣል፣ ይቆስላል። በመድኃኒት ይበርዳል። ከሥሩ የሚነቅለው ግን እስካሁን አልተገኘም።»

ሰገነት የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ሠራ። ሁለት ዓመት ገደማ ደህና ሆነች፤ ክብደቷ ተመለሰ፣ ካራን አልፋ ተማሪዎቿን ወደፈለገችበት ትወስድ ጀመር። ከዚያ አንድ ሰሞን መድኃኒቱ ከየፋርማሲው ጠፋ። ባለቤቷ ፍቅረማርያም የክፍለ ከተማ ሠራተኛ ነው፤ በምሳ ሰዓቱ ከመገናኛ እስከ ፒያሳ እየዞረ ሲጠይቅ ሰነበተ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ጠየቁ። ዛሬ ነገ ሲባል ወራት አለፉ። ሰገነት ግን ምንም አላመማትም። ሳልወስደውም ደህና ነኝ ማለት ነው አለች በልቧ፣ እና መፈለጉን ተወችው። ወደ ዶክተር ፊልሞናም መሄድ አቆመች። ከሄደች ሌላ ኮሎኖስኮፒ እንደሚታዘዝባት እርግጠኛ ነበረች።

የደወለችው ዶክተሯ ራሷ ናት። «ጠፋሽ» አለቻት። «ነይ እስቲ ልይሽ።»

ሰገነት ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ነው የተናገረችው። «ዶክተር፣ ቱቦው ከሆነ አልችልም። አስቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው።»

«ማን ቱቦ አለሽ? ደምና ሰገራ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«የሰገራ ምርመራማ ስንት ጊዜ አድርጌ የለ እንዴ፤ አሜባ ከማለት ሌላ ምን አወጣ?»

«ይኼኛው አሜባ ወይም ትል የሚፈልግ አይደለም። አንጀት ሲቆጣ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደዚያ ይሮጣሉ። እዚያ ሲደርሱ የያዙትን አንድ ፕሮቲን ያራግፋሉ፤ እሱም ከሰገራ ጋር ይወጣል። ካልፕሮቴክቲን ይባላል። መጠኑን እንለካለን። ብዙ ከሆነ ውስጡ እየነደደ ነው፣ ትንሽ ከሆነ በርዷል። ሁሉን ነገር አይነግረንም፤ ግን ቱቦ ሳናስገባ ብዙ ነገር ያሳየናል።»

ሰገነት እፎይ አለች። ክዳን ያለውን ትንሽ ዕቃ ተቀብላ ሄደች፤ በማግስቱ ጠዋት በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ በሌላ ፌስታል ደግማ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ በታክሲ ይዛው መጣች። መንገዱ ሁሉ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ምን እንደያዘች የሚያውቅ ይመስላት ነበር። ላቦራቶሪ የተቀበለቻት ልጅ እንደ ማንኛውም ዕቃ ቁጥር ለጥፋ አስቀመጠችው።

ዶክተር ፊልሞና ስትደውል ሰገነት መኪና ውስጥ ነበረች፤ ተማሪዋን ዳር እንዲይዝ አድርጋ ወረደች።

«በደምሽ በኩል ያየነው ትንሽ ከፍ ብሏል እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም» አለች ዶክተሯ። «የሰገራው ግን ከፍተኛ ነው። ከሃምሳ በታች ቢሆን ደስ ይለን ነበር፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲያልፍ በሽታው ተነሥቷል ብለን እንጠረጥራለን። ያንቺ ከሺህ በላይ ነው።»

«እንዴት ይሆናል? ምንም አያመኝም እኮ።»

«አውቃለሁ። አንጀት ሳያም ሊቆጣ ይችላል። በቅርቡ የወሰድሽው መድኃኒት አለ? የሕመም ማስታገሻ?»

«ለወገቤ ዳይክሎፌናክ። መቀመጥ ነው ሥራዬ።»

«እሱም ቁጥሩን ሊያንረው ይችላል፤ አንጀትሽንም አይወደውም። አቁሚውና ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደግመዋለን፤ ያኔም ከፍ ካለ ለተቋረጠው መድኃኒትሽ ምትክ እንፈልጋለን።»

ሰገነት በዳይክሎፌናኩ ተንጠለጠለች። ለፍቅረማርያምም የነገረችው እሱን ብቻ ነው፤ የወገቤ መድኃኒት ነው ያበላሸው አለችው። ብቻዋን ስትሆን ግን ሌላ ሰው ነበረች። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ እጇን ከቀበቶው ሥር አስገብታ ሆዷን ትጫናለች፤ ያማል ወይ? አያምም። ትንሽ ጠንክራ ትጫናለች። ቀድሞ ሕመሙ ነበር ጠላቷ፤ ሲመጣ ታውቀዋለች፣ ሲሄድም ታውቀዋለች። አሁን ግን ሳይሰማት ውስጧ የሚቀጣጠል ነገር እንዳለ ከተነገራት ወዲህ ደህና መሆኗ ራሱ ያስፈራት ጀመር። የበላችው ሲጣፍጣት ትደነግጣለች። ሆዷ ሲንቋቋ የመኪናውን ሬዲዮ ትቀንስና ታዳምጣለች።

የመድገሚያው ጊዜ ደርሶ አለፈ። ፍቅረማርያም ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሶልያና ወደፊት ስትሮጥ ጠብቆ ጠየቃት።

«መቼ ነው የምትደግሚው?»

«እሄዳለሁ።»

«መቼ?»

«ምን አስቸኮለህ? እኔ ነኝ የታመምኩት ወይስ አንተ?»

ቆመ። «እኔ ፈርቻለሁ ሰጊ» አላት። «አንቺ ስላልፈራሽ እኔ ለሁለታችን እየፈራሁ ነው።»

እንዳልፈራች ማሰቡ ነው ያስለቀሳት። በሳምንቱ ሰገራውን ሰጠች። ውጤቱ ሊወጣ ሲቃረብ ግን የዶክተሯ ስልክ ሲጮኽ አየችውና ድምፁን አጠፋችው። ዶክተሯ ደግማ ደወለች፤ ሰገነት አሁንም አላነሣችም። ሳላውቀው ይቆይ፣ አንድ ሁለት ቀን ብቻ፣ አለች።

በእነዚያ ቀናት ነው እንጦጦ ዳገት ላይ የሆነው የሆነው።

ያን ጊዜ ከተማሪዎቿ አንዷ ወይዘሮ በለጡ ነበሩ፤ ሾላ ገበያ ቅቤ የሚነግዱ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የተረፈች አሮጌ መኪና ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ጎማዋ እየሟሸሸ ስለሆነ ነው መንዳት የተማሩት። ቤታቸው ከፈረንሳይ በላይ፣ በጉራራ በኩል ዳገቱ ላይ ስለሆነ «ሜዳውን ተይውና ቁልቁለቱን አስተምሪኝ፤ እኔን የሚገለኝ እሱ ነው» ብለው ለምነዋት፣ ያን ቀን ወደ ላይ ወጡ። ሽቅቡን ሰገነት ነዳች። አናት ላይ ባሕር ዛፉ መሀል ቦታ ተለዋወጡና ወይዘሮ በለጡ መሪ ያዙ።

ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ሕመሙ መጣ። ቀድሞ የምታውቀው ዓይነት አልነበረም። ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ እርጥብ ልብስ የተጠመዘዘ መሰላት፤ ለቀቅ አደረጋትና እንደገና ጠመዘዛት። ሦስተኛው ሲመጣ እግሯን ፍሬኑ ላይ ማቆየት አልቻለችም።

«ወይዘሮ በለጡ፣ ዳር ይያዙ። ፍሪሲዮን… ቀስ ብለው ፍሬን። የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ።»

መኪናዋ ቆመች። ሰገነት በሩን ከፍታ አስመለሰች። የወጣው አረንጓዴ ነበር፤ ከዚያም የጠዋቱ ቁርስ ሳይፈጭ እንዳለ ወጣ። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። አባቷ ያን ጠዋት ሆዳቸውን ይዘው ሲነሡ የነበራቸው ፊት ትዝ አላት፤ አሁን የእሷም ፊት እንደዚያ መሆኑን ሳታየው አወቀች።

ለፍቅረማርያም ደወለች፤ ስብሰባ ላይ ስለነበር አላነሣም። በዚያ መንገድ ታክሲ አይገኝም። አንድ ሲኖትራክ አቧራውን አልብሷቸው አለፈ፤ እጃቸውን ቢያወዛውዙም አልቆመም።

«እኔ እወስድሻለሁ» አሉ ወይዘሮ በለጡ።

«ከሁለተኛ ማርሽ አልፈው አያውቁም እኮ እትዬ።»

«በሁለተኛው እንሄዳለና።»

ሰገነት ፊት ወንበር ላይ ተጠቅልላ፣ አንድ እጇን የእጅ ፍሬኑ ላይ አድርጋ ወረዱ። ወይዘሮ በለጡ መሪውን እንደ ገመድ አንቀው ይዘው፣ አፋቸው ውስጥ «በስመ አብ» እየደጋገሙ ነዱ። ኩርባ ላይ ከታች አውቶቡስ መጣባቸው። «ወደ ቀኝ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ አሁን ልቀቂው» አለች ሰገነት፤ አንቱታው ጠፍቶባታል። አውቶቡሱ የመስታወታቸውን ጫፍ ሊነካ ሲል አለፈ። ፈረንሳይ አደባባይ ሲደርሱ ትራፊክ ፖሊሱ የለማጅ ምልክቱን አይቶ እጁን አነሣ፤ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሰገነትን ፊት ሲያይ ግን ሌሎቹን መኪኖች አቁሞ አሳለፋቸው። በዚያ መንገድ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ሞተሩ ጠፋ፤ ወይዘሮ በለጡ ራሳቸው አስነሡት።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብተው በሆዷ የተጠራቀመውን ይመጥጡላት ጀመር፤ በክንዷ ግሉኮስ ገባ። ራጅ አነሷት፣ ሲቲ ስካን አነሷት። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ መጣ፤ ረጅም፣ የደከመው ሰው።

«ትንሹ አንጀትሽ መጨረሻው ጋ ጠቦ ተዘግቷል» አላት። «መክፈት ሊኖርብን ይችላል። ቤተሰብ አለሽ? መፈረም ይኖርባችኋል።»

ፍቅረማርያም በዚያው ቅጽበት ደረሰ። ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን ለእሱ አቀበለውና ወደ ሌላ ታማሚ ዞረ። ፍቅረማርያም እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ሰገነት ያን ሰዓት ያሰበችውን ነግራኛለች፤ «ክፍሉ ይበርድ ነበር» አለችኝ። «ብርድ ልብስ ልለው ፈለግሁና ፈራሁ። አባዬ እንዳሉት የምል መሰለኝ። ከተናገርኩት አልወጣም ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ዝም አልኩ።»

«አትፈርም» ያለችው እሷ ናት። «ፊልሞናን ጥራልኝ።»

ዶክተር ፊልሞና ሌላ ሆስፒታል ነበረች። እስክትመጣ የነበረው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ሰገነት አታውቅም። ቱቦው አላናግራት ብሎ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው እያቃሰተ፣ እጇ ፍቅረማርያም እጅ ውስጥ ሆኖ ቆየች። ወይዘሮ በለጡ በሩ ጋ ቆመው ወደ ውስጥም አይገቡም፣ ወደ ቤትም አይሄዱም።

ዶክተሯ ስትመጣ ወቀሳ አልጀመረችም። ፊልሙን አየች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ከዚያ እዚያው አልጋው አጠገብ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

«የሁለተኛው ካልፕሮቴክቲን ወጥቷል» አለችው። «ዳይክሎፌናክ ካቆመች በኋላ ነው የተሠራው። ከመጀመሪያውም በልጧል፤ ሁለት ሺህ ተጠግቷል። ዛሬ ከደሟ የወጣው የቁጣ ምልክት፣ ሲአርፒውም ዘልሏል።»

ሰገነት ዓይኗን ጨፈነች። ስልኩን ያላነሣችው ይህን ላለመስማት ነበር።

«ታዲያ ብሷል ማለት ነዋ» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

«ብሷል። ግን ምን ዓይነት መባስ እንደሆነ እይልኝ። አንጀቱን ያጠበበው ጠባሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ እንዲህ አይንሩም ነበር። ሲቲውም ላይ ግድግዳው አብጦ ደም ሞልቶታል። የዘጋት እብጠቱ ይመስለኛል። እብጠት ከሆነ ስቴሮይድ ያወርደዋል። ጠባሳ ከሆነ ግን ትክክል ነህ፣ ያንተ ሥራ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ሁለቱም ሊኖርባት ይችላል። ግን የተበሳ ነገር የለም፣ ሆዷም ለስላሳ ነው። ጊዜ ስጠኝ።»

ቀዶ ሐኪሙ ሰገነትን አያት። «ሆዷ ከጠጠረ፣ ወይም ትኩሳት ካመጣች አልጠብቅም» አለ።

ያ የፈራችው ቁጥር ቢላውን ለጊዜው አቆመው። በዚያ ሰዓት ግን ምንም ደስታ አልተሰማትም። ስቴሮይዱ በግሉኮሱ መስመር ገባ፤ ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ ብቻ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በመጣ ቁጥር ሆዷን ሲጫን ፊቱን ታየዋለች። የጠጠረ መሰለው? ለምን ሁለት ጊዜ ተጫነ? ግንባሯን ራሷ እየዳሰሰች ሞቆኛል ትላለች፤ ነርሷ ቴርሞሜትሩን አሳይታት እንኳ አታምንም። ፍቅረማርያም ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከትቶት ነበር፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ጫፉ ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ ሶልያናን አደራ አለችው፤ ለትምህርት ቤት ጸጉሯን ሲሠራ እንዳይጎትታት፣ ማታ መብራቱን እንዳያጠፋባት። እሱም አላቋረጣትም፤ ሁሉንም ሰማት።

በሦስተኛው ቀን ሆዷ ተንቋቋ። ከዚያ አየር ወጣት፤ ድምፅ ነበረው። ከመጋረጃው ወዲያ የተኙት አሮጊት «እሰይ የኔ ልጅ» አሉ። ሆድ ተከፍቷል ማለት መሆኑን እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ የለም። ሰገነት በአፍንጫዋ ያለው ቱቦ እየታገላት ሳቀች፤ ፍቅረማርያም ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ቆይቶ ነው የተመለሰው።

ሳትከፈት ወጣች። ዶክተር ፊልሞና ቀጥሎ የምትወስደውን መድኃኒት በአንድ የሕሙማን ማኅበር በኩል አፈላልጋ አገኘችላት፤ እንዳይቋረጥም ሌላ መንገድ አመቻቸች። ጠባሳም እንዳላት፣ አንድ ቀን ቢላው ሊያስፈልግ እንደሚችልም ሳትደብቅ ነገረቻት። «ያን ጊዜ ግን ተዘጋጅተንበት፣ ሰውነትሽ ጠንክሮ፣ ቆመሽ ትገቢያለሽ» አለቻት። በየጥቂት ወሩ ሰገራ ትሰጣለች። ቁጥሩ ወደ ስድስት መቶ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ሁለት መቶ ቤት፣ ከዚያ መቶ ስድሳ ደረሰ። «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብላ ስትጠይቅ ዶክተሯ «መሀል ነው» አለቻት። «ወደ ታች እየሄደ ያለ መሀል።» ዶክተሯ ስትደውል ሰገነት አሁን ታነሣለች። ከማንሣቷ በፊት ግን የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች፤ የመኪናዋን በር ወይም የሰው ክንድ።

የነገረችኝ የመጨረሻው ነገር ስለ ራሷ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ሶልያና፣ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እማዬ ሆዴን» አለች። «የት ጋ?» ስትላት ወደ ቀኝ በኩል ጠቆመች። ሰገነት ወጥ እያማሰለች ነበር፤ ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። በሽታው አንዳንዴ በቤተሰብ እንደሚሄድ ሰምታለች። በማግስቱም ልጅቷ ሆዴን አለች። ሰገነት ልጇ መጸዳጃ ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ማዳመጥ ጀመረች፤ ሳህኗ ላይ የተረፈውን ታያለች፤ ልብስ ስትቀይርላት ጎድኗን በዓይኗ ትቆጥራለች። እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ ያየችው ያን አልጋና ያን ብረት ነበር፤ ብረቱን ጨምድዶ የያዘው እጅ ግን ትንሽ እጅ ነው።

ለዶክተር ፊልሞና ደወለች። ዶክተሯ አረጋግታ፣ ልጆችን የሚያይ ሐኪም ዘንድ ላከቻቸው፤ ሐኪሙም ሶልያናን አይቶ፣ መዝኖ፣ ቁመቷን ለክቶ፣ ያንኑ ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ ሰጣቸው።

«ቱቦ የለም?» አለች ሰገነት።

«አሁን ምንም አያስፈልጋትም። ይኼን እንይ።»

ሶልያና ነገሩ ሁሉ አሳቃት፤ «ካካዬን ምን ሊያደርጉት ነው?» እያለች ታክሲ ውስጥ ሰው እስኪዞር ድረስ ትጠይቅ ነበር። ሰገነት ያን ሳምንት ማስተማር አልቻለችም፤ አሞኛል ብላ ቀረች።

ውጤቱን ለመቀበል ሦስቱም አብረው ሄዱ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «አሥራ ስምንት» አለ። ሰገነት ቀጥሎ «መቶ» ወይም «ሺህ» የሚል ቃል እንዲመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። «ንጹሕ ነው። አንጀቷ የተቆጣ አይመስልም። የልጅ ሆድ በብዙ ነገር ያማል፤ ትምህርት ቤት ያስጨነቃት ነገር ካለ ጠይቋት። ክብደቷ ከቀነሰ ወይም ደም ካያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ።»

ወጥተው ደረጃው ላይ ሰገነት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ፍቅረማርያም አጠገቧ ተቀመጠ። ሰዎች እየዞሩ ያልፏቸዋል። ሶልያና ፊታቸው ቆማ እናቷን አየቻትና «ማነው ያስለቀሰሽ?» አለች።

«ማንም» አለች ሰገነት።

ልጅቷ ስፕሪስ አማረኝ አለች። መንገዱን ተሻግረው አንድ ጁስ ቤት ገቡ። ሶልያና አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበትን ብርጭቆ በማንኪያ እየጫረች እስክትጨርስ ሰገነት የራሷን አልነካችም። ልጅቷን ነበር የምታየው፤ በየጉርሻው ፊቷን፣ ከፊቷ ወርዳም ሆዷን።